ይርጋው ሳይሞላ

ጎንደር፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካፒቴን፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? እኛ ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለዘጠኝ ዓመት «እንደምን ከረምክ» ትንሽ ያንሳል። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሦስት ወረቀት ቀደድኩና ይኸው እናቶቻችን በሚጀምሩበት ጀመርኩ።

ዘመኑን አስልቼዋለሁ። በእኔና በአንተ መካከል ያለው ነገር ጭነት ቢሆን ኖሮ አብቅቶለት ነበር፤ የባሕር ጭነትን በሚገዙት የሄግ ደንቦች ዕቃውን በተረከብክ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰስክ የሚሰማህ የለም። ደግነቱ ጭነት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1845 ይርጋው፣ ማለት የመክሰሻው ጊዜ ገደብ፣ አሥር ዓመት ነውና አንድ ዓመት ይቀርሃል። አንቀጽ 1851ን ደግሞ አትረሳውም፣ ለፈተና ያስጠናኸኝ አንተ ነህ፤ ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ይርጋው ይቋረጥና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

እንግዲህ አምኛለሁ። ሰኔ 2008 ፒያሳ ባደረግንልህ ሽኝት፣ ባልደረባው ሁሉ በተቀመጠበት፣ «ሕግ ተምሮ ደላላ ሊሆን ሄደ» ብዬ ያሳቅሁብህ እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር እያልኩ ለስንቱ አስተባብያለሁ። የምሬን ነበር። አንተ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄደህ የሰው ጭነት ከጉምሩክ የምታስወጣ ትራንዚተር ስትሆን እኔ ከዲግሪያችን የሸሸህ መስሎኝ ነበር። አባትህ ያረፉ ጊዜም ሰምቼ ነው የቀረሁት። ትምህርት ነበረብኝ እንዳልልህ ክረምት ነበር፣ ግቢው ባዶ ነበር። አፍሬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ አንዱ ነውር በሌላው ላይ ሲደረብ ስልክ ማንሳቱም እየከበደኝ ሄደ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ለቅሶ በደብዳቤ እንደማይደረስ አውቃለሁ፤ ስንገናኝ እንደ ደንቡ አደርገዋለሁ።

ስለ ሥራዬ ደግሞ ላጫውትህ። ረዳት ፕሮፌሰር ሆኛለሁ። የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት በሮተርዳም ደንቦች፣ በአዲሱ የባሕር ጭነት ስምምነት ላይ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ 96 አንቀጽ፣ እኔም እያንዳንዷን እንደ ዳዊት ደግሜአት። እ.ኤ.አ. በ2009 ለፊርማ ሲከፈት የባሕር ሕግ ከእንግዲህ ይኸው ነው ብዬ በየክፍሉ ሰብኬአለሁ። እንዲጸና 20 አገር ማጽደቅ ነበረበት፤ 20ው እስከ ዛሬ አልሞላም። ሁለተኛውን ጽሑፌን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የመልቲሞዳል፣ ማለት ጭነት በመርከብም በመኪናም በአንድ ውል የሚጓዝበት፣ ስምምነት ላይ ጻፍኩ፤ እሱም አልጸናም። እዚህ ማራኪ ግቢ «የዕድገት ደብዳቤህ ራሱ ጸንቷል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። የዓለም ንግድ ድርጅትን ምዕራፍ ስከፍት በየዓመቱ «አገራችን ለመግባት እየተደራደረች ነው» እላለሁ፤ ማመልከቻው የገባው በእኛው በ1995 ነው፣ ያኔ የዛሬ ተማሪዎቼ ወይ ጨቅላ ነበሩ ወይ ገና አልተወለዱም። አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ሲወጣ ብቻ ደልቶኛል። የማኅበራትና የኪሳራ አስተማሪዎች ማስታወሻቸውን ከሀ እስከ ፐ ሲጽፉ፣ የመጓጓዣና የኢንሹራንሱ መጽሐፍ ሳይነካ ስለቀረ እኔ ሻይ እጠጣ ነበር።

ዘንድሮ አንዲት የመተማ ልጅ አለችኝ፤ አባቷ የተሳቢ ሹፌር ነው። ስለ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ መርከቡ ለጫነው ዕቃ ስለሚሰጠው ሰነድ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራሁና «ጥያቄ?» ብል እጇን አነሳች። «መምህር፣ ኮንቴነር ሲረከቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምኑን ነው?» አለችኝ። «ሰነዱን» አልኳት። ሳቋን ለመዋጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አባቴ መጀመሪያ በሩ የታሸገበትን ማሸጊያ ነው የሚያየው። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ካለው ካልገጠመ በሩን በጣቱም አይነካውም።» ካፒቴን፣ ይህን አስተምሬ አላውቅም። አንተ ግን በቀን ስንት ጊዜ ታደርገዋለህ?

እንድጽፍልህ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነው። አምና ኅዳር ላይ አንድ የአዲስ ዓለም ነጋዴ ቢሮዬ ድረስ መጣ። የአዲስ ዓለም ሰው መሆኑ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ከምጽዋም ከስናርም የሚመጣውን ቅፍለት ይዞ ጎንደርን ጎንደር ያደረጋት ያ ሰፈር ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አቤት የሚለው ነጋድራሱ ዘንድ ነበር፤ ቀረጡንም የሚቀበል፣ የነጋዴውንም ሙግት የሚዳኝ። እኔም ለአንድ አፍታ ነጋድራስ የሆንኩ መሰለኝ።

ሰውየው ከቻይና ሲኒ አስመጥቷል፤ ያው ቡና የምንጠጣበት፣ ከነማስቀመጫው። በዩኒሞዳል ነው፤ መርከቡ ጅቡቲ ላይ ሥራውን ጨርሷል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን መኪና ራሱ ተኮናትሯል። ኮንቴነሩ ተከፍቶ ዕቃው ወደ መኪና ሲገለበጥ የታችኛው ድርድር ካርቶን እንደ ፍትፍት ርሷል። ካርቶኑ ሲፈርስ የላዩ በታቹ ላይ ወድቆ ሲኒው ደቋል። የወከለው ሰው ፀሐዩ በርትቶበታል፣ ቸኩሏል፤ «በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ብሎ ፈረመ። የሚታይ ጉዳት ሲሆን እዚያው፣ የማይታይ ሲሆን በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ እንደሚገባ ለአንተ አልነግርህም። አለማስታወቁ ግን ዕቃው ደኅና እንደደረሰ ያስገምታል እንጂ መብቱን አያስቀርበትም፤ ማስረጃም ነበረን። የመኪናው ረዳት በስልኩ አንስቶታል፤ ውኃው ከበሩ ሥር ሲንጠባጠብ፣ የኮንቴነሩ ቁጥር ከነቀኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ! 17 ዓመት ያስተማርኩት ነገር በእግሩ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። የካርቶኑን ቁራጭ ይዤ ኬሚስትሪ ክፍል ሄድኩ። አንድ ቴክኒሻን በንጹሕ ውኃ ዘፈዘፈልኝና ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረገበት፤ ብልቃጡ ውስጥ እንደ ወተት ነጣ። ጨው ነው፤ የባሕር ውኃ እንጂ ዝናብ አይደለም። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው። ከዚያ አራት ገጽ የካሳ ጥያቄ ጻፍኩለት። ሄግን፣ ሃምቡርግን፣ ያልጸናውን ሮተርዳምን ሳይቀር ጠቀስኩ። የመርከቡ ወኪል በትሕትና መለሰ፤ «ጉዳዩን እያየነው ነው።» በጥር ጻፍን፣ «ለዋናው መሥሪያ ቤት አስተላልፈናል»። በመጋቢት ጻፍን፣ «ተጨማሪ ፎቶ ላኩልን»። እኔ መልሱን ሁሉ በፋይል እያስቀመጥኩ፣ ድርድሩ ጥሩ እየሄደ ነው እያልኩ ሰውየውን አጽናናዋለሁ።

ዕቃውን የተረከበው ሰኔ 2015 ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ሁለት መስመር መጣ፤ አንድ ዓመቱ አልፏል፣ ጥያቄውን አንቀበልም።

ለፈተና ስንት ጊዜ አውጥቼዋለሁ መሰለህ! ድርድር ይርጋን አያቆምም፤ ወይ ክስ ትመሠርታለህ፣ ወይ ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ ታስማማለህ። አንድ መስመር ኢሜይል ነበር የሚበቃው። አንተ ሞጆ ላይ ከአንድ ልጅ እግር ረዳትህ ጋር ብትሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ያንን ቀን በቀይ ታሰምርበት ነበር። እኔ አራት ገጽ ጻፍኩና አንዷን መስመር ረሳሁ። በዚያው ወር ብሩ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። ሰውየው ሌላ ሲኒ ማዘዙን ተወው።

ልነግረው አዲስ ዓለም ሱቁ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ቡና አስፈላ። ከዚያ «መምህር፣ ቀን እንዳለው ለምን አልነገሩኝም? እኔ እኮ ቀን ማስታወስ አያቅተኝም፤ ዕቁብ ሰብሳቢ ነኝ» አለኝ። ስወጣ ከተረፉት ሲኒዎች ስድስቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ አስያዘኝ። እምቢ ብል ባሰ፤ ተቀበልኩ። ጠበቃ ብሆን ኖሮ ኢንሹራንስ ይኖረኝ ነበር ብዬ ስንት ሌሊት አሰብኩ፤ መምህር ግን የሚጠየቀው በተማሪ ግምገማ ብቻ ነው።

እና ልለምንህ የጻፍኩት ይኼን ነው። በጥቅምት የባሕር ንግድ ሕግ ለአራተኛ ዓመቶች ይጀምራል። የመጀመሪያውን ሳምንት አንተ ክፈትልኝ። ንግግር አዘጋጅ አላልኩህም፤ ያረጁ ፋይሎችህን የደንበኛውን ስም ሸፍነህ አምጣ፤ ደረሰኝ ላይ ጉዳት እንዴት እንደሚጻፍ፣ የዲመሬጅ፣ ኮንቴነር ሲዘገይ የሚከፈለው ቅጣት፣ ቀን እንዴት እንደሚቆጠር፣ ማሸጊያ እንዴት እንደሚነበብ እጅ በእጅ አሳያቸው። የመተማዋን ልጅ ፊት ወንበር አስቀምጥልሃለሁ፤ የምትፋጠጠው ከእሷ ጋር ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ። ዲኑ ይፈቅዳል፣ ጠይቄዋለሁ፤ ክፍያው ግን የሚያስቅ ነው፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

በመኪና አትምጣ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ በአውሮፕላን አዘዞ ውረድ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። አዳርህ እኔ ቤት ነው። ስልክ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ያንተን ግን ከሞጆ ሰው አገኘሁና እስካሁን መደወል አቅቶኝ በጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ከስድስቱ ሲኒዎች ውስጥ አንዷን ትንሿ ልጄ ሰብራታለች። አምስት ቀርተዋል፤ ለእኔና ለአንተ ይበቁናል።

ያንተው