ለወላጆች፦ ኬኩ ይቅርና ማታ በጊዜ ግቡልን

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ ግቢ ደብዳቤ ሲወጣ መጀመሪያ የምትሉት "ደግሞ ስንት ጨመሩ?" እንደሆነ አውቃለሁ። አልጨመርንም። የዛሬው ደብዳቤ ገንዘብ አምጡ የሚል ሳይሆን ለትምህርት ቤት ብላችሁ የምታወጡትን ቀንሱ የሚል ነው።

ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የክፍል መምህራኑ ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ነገር አለ። ኮሙኒኬሽን ቡክ ሳይፈረም ይመጣል። የቤት ሥራው ተሠርቶ ቢመጣም አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል። ልጁን "ማታ ማን አየልህ?" ሲሉት "እማዬም አባዬም እኔ ከተኛሁ በኋላ ነው የሚመጡት" ይላል። ወላጆችን ጠርተን ስናነጋግር መልሱ ይመሳሰላል፦ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ፣ ከሥራ ወጥቼ ራይድ እሠራለሁ፣ ሱቁን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አልዘጋም፣ ምን ላድርግ፣ ለልጄ ብዬ ነው።

ለልጃችሁ ብላችሁ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ያ ትርፍ ሰዓት ከሚያመጣው ገንዘብ የተወሰነው የት እንደሚገባ እኔ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ኬክ ይሆናል፣ ጎማ ያለው ቦርሳ ይሆናል (ደረጃችን ላይ እያንኳኳ የሚወጣው)፣ ሁለተኛ ክፍል ላለ ልጅ የአስጠኚ ደሞዝ ይሆናል። ከልጁ ጋር የምትሆኑበትን ሰዓት ሸጣችሁ፣ በዚያው ብር ልጁ ያልጠየቀውን ትገዙለታላችሁ። የኔ ጭቅጭቅ ይሄ ነው።

"ኑሮው መች የሚቆጠብ ነገር አስተረፈና!" የምትሉም አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተከትሎት ሄደ። ያንን እናንተ አላመጣችሁትም፣ ማኪያቶ በመተውም አትመልሱትም። ስለ ሽንኩርትና ስለ ዘይት ልመክራችሁ አልችልም፤ የእሁድ ገበያውንም ሸማቾችንም ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምናገረው በኛ በር ስለሚገባው ወጪ ነው።

ከልደት ልጀምር። ድሮ አንድ ኬክና ሻማ ነበር። አሁን ባሉን አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከረሜላና መጫወቻ የታሸገበት ከረጢት አለ። አንዷ እናት ይህን ስታመጣ ሌላዋን ይሉኝታ ይይዛትና ከዚያ የሚበልጥ ታመጣለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ተበድራ። ባለፈው ዓመት ፉክክሩ የልጆች ፊት ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ተከራይቶ እስከ መምጣት ደርሶ ነበር፤ የዛን ቀን ከሰዓት ሒሳብ ያስተማረችው መምህርት አርባ ነብርና ቢራቢሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር ያስተማረችው። ስለዚህ ከህዳር ጀምሮ የግል ልደት በክፍል ውስጥ ቀርቷል። በየወሩ የመጨረሻ አርብ በዚያ ወር የተወለዱ ልጆች በሙሉ አንድ ላይ ይከበርላቸዋል፤ ድፎ ዳቦውን እኛ እናስጋግራለን፣ ሻዩንም እኛ እናፈላለን። የግድ አንድ ነገር ካልሰጠሁ የሚል ወላጅ ልጁ አንብቦ የጨረሰውን የተረት መጽሐፍ ለላይብረሪያችን ይስጥ። በር ላይ ኬክ ይዛችሁ ስትመጡ ዘበኛው ቢመልሳችሁ በሱ አትቆጡ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።

የኬጂ ምርቃትም እንዲሁ። ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል፦ ሰኔ ላይ አዳራሽ አንከራይም፣ ጋውን አናስለብስም። ልጆቹ በዩኒፎርማቸው ግቢያችን ውስጥ ይዘምራሉ፣ ሰርተፍኬት ይቀበላሉ፣ አለቀ። ገና ሀ ሁን ጨርሶ ማንበብ የጀመረ ልጅ "ተመረቀ" ሲባል እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም።

ምሳ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ምሳ ዕቃ ውስጥ የማየው ቺፕስ፣ ክሬም ያለው ብስኩትና የታሸገ ጁስ ነው። ውድ ነው፣ ልጁንም አያጠግበውም፤ ስምንት ሰዓት ላይ ርቦት ይነጫነጫል፣ መምህሩም ይቸገራል። ለምን እንደምታደርጉት ግን ይገባኛል። ጠዋት ጊዜ የለም፣ ሱቅ ደግሞ ቅርብ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱ ነው የሚያሳዝነኝ። ሽሮ ፍርፍር የያዘ ልጅ ምሳ ዕቃውን በክዳኑ ከልሎ ነው የሚበላው። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ከማን ተማረው? ከኛ ነዋ። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መምህራን ምሳቸውን ከልጆቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። መምህራኖቻችን የሚበሉት ደግሞ ሽሮና ምስር ነው፣ እኔም ከዚያ የተለየ የለኝም። ቺፕስና የታሸገ ጁስ በር ላይ ይቀራል። በሶ በጥብጦ ኮዳ ውስጥ መላክ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ቆሎ፤ እነዚህ ጠዋት አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

ዩኒፎርም በየዓመቱ አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። የታላቁ ሹራብ ለታናሹ ይሆናል፣ ሱሪ ረዘም ያለ ተገዝቶ ይታጠፋል፣ ሲያድግ ይፈታል። ካለፈው ዓመት ደብተር የተረፈው ንጹህ ገጽ ተቀድዶ ሲሰፋ ለሒሳብ መለማመጃ ደህና ደብተር ይወጣዋል። የመማሪያ መጽሐፍ ያልደረሳችሁ ደግሞ ፎቶኮፒ ቤት አትሩጡ፤ ትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በነፃ ስለለቀቃቸው ቢሯችን መጥታችሁ ስልካችሁ ላይ እንጭንላችኋለን።

አሁን ወደ አስጠኚው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላለ ልጅ አስጠኚ መቅጠር በኔ እምነት ብክነት ነው፤ የተለየ የትምህርት ችግር ካለበት ሌላ ነገር ነው፣ እሱን እኛው እንነግራችኋለን። እዚህ ዕድሜ ላይ ልጁ የሚያስፈልገው የሚያስረዳው ሰው ሳይሆን የሚያዳምጠው ሰው ነው። "ና አንብብልኝ"፣ "ዛሬ ምን ተማርክ"፣ "እስኪ ይህን እንዴት ሠራኸው"። ፊደል ያልቆጠረች አያት ይህን ማድረግ ትችላለች፣ የሚያደርጉ አያቶችም አሉን፣ የልጅ ልጆቻቸውም ደህና ናቸው። የአስጠኚውን ወጪ ተዉትና በዚያው ልክ ትርፍ ሰዓቱን ቀንሱ። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ብትገኙ ልዩነቱን ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ አየዋለሁ።

በጊዜ ገብታችሁም ምሽቱ በማጀት እንዳያልቅ። ቁሌቱን እሁድ ሠርቶ ፍሪጅ ማስገባት፣ በሳምንቱ መሀል ሽሮ ወይ ምስር ጣል አድርጎ ማንተክተክ ብቻ። ምጣድም ለሁለት ለሦስት እንጀራ አይጋል፤ አዲሱ የመብራት ታሪፍ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያደረገ ነው የሚሄደው። አባቶችም ቁሌት መሥራት ይችላሉ። ይህን የጻፍኩት በስህተት አይደለም።

ቀጥሎ ያለውን ስጽፍ የትምህርት ቤቱ ባለቤቶች ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብኝ አውቃለሁ። ከፒያሳና ከካሳንቺስ ተነስታችሁ ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሄዳችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁ። ልጆቻችሁን ግን እዚሁ እኛ ጋ ትታችኋል፤ ታማኝነታችሁ ያኮራኛል። ያም ሆኖ ልጁ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ ሰርቪሱ ውስጥ ተኝቶ ይመጣል፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ይደፋል። ማታም እንዲሁ። መሄጃና መመለሻው ተደምሮ በቀን ሦስት ሰዓት የሚደርስ ጊዜ መንገድ ላይ ያልቃል፣ የሰርቪሱ ክፍያ ደግሞ ለአንዳንዶቻችሁ ከትምህርት ቤት ክፍያው አይተናነስም። ለዚህ ሁሉ የምታገኙት ምንድነው? እኛ ጥሩ ነን፣ ግን ያን ያህል ጥሩ አይደለንም። በሰፈራችሁ ደህና ትምህርት ቤት ካለ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ሄዳችሁ እዩት፣ መምህራኑን አነጋግሩ፣ እረፍት ሰዓት ላይ ግቢውን ተመልከቱ። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባም አላቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ልዛወር የምትሉ መሸኛ በአንድ ቀን እንሠራላችኋለን፣ ማንም ፊት አይነሳችሁም። ጓደኛ ማጣቱ ይከብዳል፣ አልዋሽም፤ ልጅ ግን ጎረቤት ጓደኛ ሲያገኝ ይለምዳል። ዘንድሮ 6ኛና 8ኛ ክፍል የሆኑት ብቻ ፈተናቸውን እዚሁ ይጨርሱ፣ በመሀል አታናውጧቸው።

ስለ ዕቁብ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየነሐሴው ቢሮዬ የሚሞላው በዕቁብ ጉዳይ ነው። ዕጣው መጀመሪያ አካባቢ ከወጣላችሁ ያ ብር ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ትርፍ መስሏችሁ ሶፋ ከቀየራችሁበት እስከ መጨረሻው ዙር ስትከፍሉ ትከርማላችሁ። መጨረሻ ከወጣላችሁ ደግሞ ቁጠባ ነው፣ ግን ዋጋ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ያው ብር ሲደርሳችሁ የሚገዛው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለምዝገባ የምትጥሉት ዕቁብ ረጅም አይሁን፣ ነሐሴ ላይ እንዲደርሳችሁም ከዳኛው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለትምህርት ቤት ነው ከተባለ ተራ የሚለዋወጣችሁ ሰው አይጠፋም። ካልሆነላችሁም ስልክ ላይ በደቂቃ የሚገኘውን ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት ወደኛ ኑ፤ ያ ብድር የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ እኛ ግን ክፍያውን ያለ ቅጣት በሦስት ጊዜ እንድትከፍሉ እንከፋፍልላችኋለን። ወርሃዊውንም በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ክፈሉ። ደረሰኝ ለማሳየት ብቻ ከሥራ አስፈቅዳችሁ አትምጡ፣ ሥርዓቱ ላይ ይታየናል።

የክፍል ቴሌግራም ግሩፖችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መምህር ብቻ እንዲጽፍባቸው አድርገናል። ጠዋት ጠዋት በአበባ ያጌጠው "እንዴት አደራችሁ" የሚወደድ ነገር ነው፣ ግን የነገ ፈተና ማስታወቂያ ከሥሩ እየተቀበረ ሰው እያመለጠው ነው።

ቅዳሜ ልጆችን ወዴት እንውሰዳቸው ለምትሉ፣ ጌም ዞን ገብቶ ካርድ ማስሞላት የግድ አይደለም። አራት ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መግቢያ አይከፈልበትም። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ ህዳር 1967 ላይ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ አለች። ብዙ ልጆቻችን በፈተና "3.2 ሚሊዮን ዓመት" ብለው ይመልሳሉ፣ በእግር የሚደረስበትን ሙዚየም ግን ረግጠውት አያውቁም። ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ውጡ፣ መንገድ ላይ ቆሎ ግዙ።

"እንግዲያው ክፍያውን ለምን አትቀንሱም?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ፣ ተገቢም ነው። ክፍያውን የምወስነው እኔ አይደለሁም። በእጄ ያለውን ግን አድርጌያለሁ፦ የአዳራሹ፣ የጋውኑና የፎቶው መዋጮ ዘንድሮ የለም፣ የዓመቱ መጨረሻ ቲሸርትም ቀርቷል። በትምህርት ቤቱ ስም ወጥቶ የኔ ፊርማና ማህተም የሌለበት የመዋጮ ወረቀት ልጃችሁ ይዞ ቢመጣ አትክፈሉ፣ ደውሉልኝ።

የመጨረሻው ማስታወቂያ። ቅዳሜ ህዳር 6 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ግቢያችን ውስጥ የዩኒፎርም ልውውጥ አለ። የጠበበውን አምጡ፣ የሚበቃውን ውሰዱ፣ ያላመጣም መውሰድ ይችላል፣ ማንም አይመዘግብም። ሹራቡ ታጥቦ ይምጣ። ቁልፍ ለጎደለው መርፌና ክር እኛ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር