የቀጥቃጩ ቤት የት ነበር?

ልጄ፣

ይህን በአማርኛ የጻፍኩልህ ሆን ብዬ ነው። ማንበብ ካቃተህ አክስትህ ታንብብልህ። «ከእስራኤል ጦር ስወጣ ጎንደር እሄዳለሁ» ስትለኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። እዚያ ደርሰህ ምን እንደምታይ እያሰብኩ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጣ፣ ከከተማው ሳትርቅ የኛ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መንደር የነበረችውን ወለቃን ታገኛለህ። መንገድ ዳር የሸክላ አንበሳ ይሸጡልሃል። ግዛ። ግን እሱን አይተህ የእናቴን አገር አየሁ እንዳትል። አያትህ አንበሳ ሠርታ አታውቅም። እሷ የምትሠራው እንስራ፣ ምጣድና ጀበና ነበር።

የኛ መንደር በአምቦበር በኩል ነው። ወንዙን ፈልግ፤ የኛ ሰው ውሃ ዳር ነበር የሚሰፍረው። ከሌላ ሰው ጋር የተነካካ ሳይታጠብ ቤት አይገባም። «አትንኩኝ» ያሉንም ለዚህ ነው። ከቤቶቹ ወጣ ብላ፣ ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረባት የመርገም ጎጆ ነበረች። እናቴ በወር አበባዋ ጊዜ እዚያ ትሰነብታለች። ምግቧን ከድንጋዩ ወዲህ አስቀምጬላት እመለስ ነበር። ጎጆዋ ዛሬ አትኖርም፤ ድንጋዩ ግን ይኖር ይሆናል።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነኝ። በንጉሡ ጊዜ ርስት አልነበረንም። የሰው መሬት በእኩል ማረስ፣ አለዚያ ብረትና ሸክላ። መሬት ማግኘት የጀመርነው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ነው። ጠዋት ማረሻ ያሠራ ጎረቤት፣ ማታ ልጁን ሲያመው «ቡዳ በላው» ብሎ ወደኛ ያያል። ደግሞ ያው ጎረቤት ነው አባቴ ሲሞት ያለቀሰው። ሁለቱንም እወቅ።

በ1976ና በ1977 ዓ.ም. ብዙ ሰው ወደ እስራኤል ሊሻገር በሌሊት፣ በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ወደ 4 ሺህ የሚሆን ሰው ሞቶ እንደቀረ ይነገራል። አጎትህ በዚያ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ነገር አትጠይቀው።

እኛ የወጣነው በኋላ ነው። ላማችንን በርካሽ ሸጠን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። ዓመት ያህል ስንጠብቅ ቆይተን ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተነሣን። በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጫነ። ብዙ ሰው እንዲይዝ ወንበሩ ተነቅሎ ነበርና ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

ባዶ መንደር እንዳትጠብቅ። ሰው ገብቶበታል፤ ይታረሳል፣ ከብት ይውልበታል። አትቀየማቸው። ቡና ካፈሉልህ ጠጣ። ከዚያ ሽማግሌ ፈልገህ «የቀጥቃጩ ቤት የት ነበር?» ብለህ ጠይቅ። በስሙ ከጠየቅህ ላያውቁት ይችላሉ። መቃብራችንንም ያሳዩህ፤ ቅድመ አያትህ እዚያ ናት።

ብቻ ቅዳሜ እንዳትሄድ። አያትህ ከሰማች አትምርህም።

እናትህ