ጉዳዩ፦ «ፎርጂድ» ስለተባለው የአባቴ ሰዓት ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ለሰርቪስ የሰጠኋችሁ የአባቴ ኦሜጋ ስፒድማስተር «ማሽኑ ኦሪጅናል አይደለም» ከሚል ማኅተም ካረፈበት ወረቀት ጋር ተመልሶልኛል። ሰርቪስ አልተደረገም። የምርመራ ተብሎ ግን ከፍያለሁ።

ባለሙያችሁ ሰዓቱን ያነጻጸረው 321 ከሚባለው ማሽን ጋር ነው። የእኛው 861 ነው። ቁጥሩ እኮ ማሽኑ ላይ ተቀርጿል! ኦሜጋ 321ን በ861 መተካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1969 ጨረቃ ላይ የደረሰው የድሮው ስለሆነ ስሙ ገነነ እንጂ፣ ኦሪጅናሉ እሱ ብቻ አይደለም።

«ፍጥነቱ ልክ አይደለም» ተብሏል። 321 በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል፤ 861 ደግሞ 21,600። መለኪያችሁ ያሳየው 21,600 ነው፤ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? ክሮኖግራፉን፣ ማለትም እንደ ስቶፕዎች ጊዜ የሚለካውን ክፍል፣ የሚያስነሳውና የሚያቆመው ባለ ዓምድ ጥርስም «ጠፍቷል» ተብሏል። አልጠፋም። በ861 ላይ ካም በሚባል ዙሪያው ወጣ ገባ ባለ ጠፍጣፋ ብረት ተተክቷል፤ ካም ለማምረት ይቀላል።

ከሁሉ ያናደደኝ የፍሬኑ ነገር ነው። «ውስጡ ፕላስቲክ ተገኝቷል» ትላላችሁ፣ ሌባ የያዛችሁ ይመስል። ክሮኖግራፉ ሲቆም ሰከንድ ቆጣሪው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ፍሬን በመጀመሪያዎቹ 861ዎች ላይ ብረት ነበር። በኋላ ፋብሪካው ራሱ ዴልሪን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ቀየረው። ዴልሪን ሰበቃው ትንሽ ነው፣ ዘይትም አይፈልግም። 1861 በሚባለው ተከታዩ ማሽን ላይም ቀጥሏል። ጀርባው መስታወት ሆኖ ማሽኑ ለሚታየው ሰዓት በተሠራው 1863 ላይ ግን ብረቱን መለሱለት። ለዓይን ሲሉ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አልገባኝም። ወረቀቱን የሰጠኝ ባለሙያ «ለመለዋወጫ እንግዛዎት» ብሎኛል። ፎርጂድ ከሆነ መለዋወጫው ለየትኛው ሰዓት ሊሆን ነው?

አባቴ ሰዓቱን የገዙት በቡና ንግድ ለፍተው ነው። በሕይወት አሉ፣ ወረቀቱንም አንብበውታል። ጅማ ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ወሬው ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ስለዚህ ወረቀቱ ተሰርዞ፣ ማሽኑ 861 መሆኑንና ፕላስቲኩ ፍሬን የፋብሪካ ዕቃ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ማስተካከያ በአባቴ ስም እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። የምርመራው ክፍያም ይመለስልኝ። ሰርቪሱን ሌላ ቦታ አሠራለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ፣ ወረቀታችሁን ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሰዓቱ ባለቤት ልጅ