ሰልፉን አይተህ ልባችንን አትገምት

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእኛ የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ብርድ እንደምታውቀው ነው።

ባለፈው በስልክ «እናንተ እኮ ሁላችሁም ተሰልፋችሁ መንግሥትን ነው የምትመርጡት» አልከኝ። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው የምጽፍልህ።

መሰለፋችን እውነት ነው። ግን መሰለፍ ሌላ፣ መደገፍ ሌላ። እዚህ መታወቂያ የሚሰጥህ ቀበሌ ነው። ማዳበሪያም መሬትም ስትል የምትሄደው እዚያው ነው። አንተ አዲስ አበባ ጣትህ ላይ ቀለም ይኑር አይኑር ማን ያይሃል? እዚህ ግን ወፍጮ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን በርም ላይ ይታያል። «እሷ እኮ ቀረች» እንዳይባል ብቻ ማልዶ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። አንድ ሰው አምስቱን ይመራ በነበረበት በአንድ ለአምስቱ ጊዜማ የቡድኑ መሪ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ እያለ ይከታተል ነበር፤ አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውሰውም።

እስቲ ቁጥሩን እየው። የተወካዮች ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። በ1997 ገዢው ኢሕአዴግ 327 ሲያገኝ ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት ብቻውን 109 አገኘ። በ2002 ከተቃዋሚ አንድ ሰው፣ ከግል ተወዳዳሪም አንድ ሰው ብቻ ገባ። በ2007 ደግሞ አንድም አልገባም። ሰልፉ ግን አላጠረም፤ በ2002ም በ2007ም ከመቶ ከ90 በላይ መራጭ ወጣ ተባለ። ታዲያ በ10 ዓመት ውስጥ የዚያ ሁሉ ሰው ልብ ተገለበጠ? አይደለም። ከ97 በኋላ የሆነው ግድያና እስር ሰውን ዝም አሰኘው። በዚያ ላይ በእኛ ሕግ በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ ሌላው ከመቶ 40 ቢያገኝም ምክር ቤት ውስጥ አይታይም። ደግሞ ያ ከመቶ 90 መራጭ ወጣ የተባለው የሚሰላው ካርድ ካወጣው ሰው ነው፣ ካርድ ሳያወጣ የቀረው ከነጭራሹ አይቆጠርም።

ሰው ምን ያስባል ካልከኝ፣ የፓርቲ ፕሮግራም አንብቦ የሚመርጥ እዚህ ብዙም አላውቅም። ግን የሚረሳ እንዳይመስልህ። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት»፣ የድሮ ሥርዓት ሹም ነበርክ ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው፣ እሱም ልጆቹም ያንን ይዘው ነው ካርዱን የሚያጥፉት። ወጣቱ ሥራ ይላል። እኛ ሴቶቹ ውኃ፣ ጤና ጣቢያ፣ መንገድ እንላለን። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሁን ሰላም እንላለን፤ በዚህ ሰላም በጠፋበት ጊዜ ሰው ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ለምን ዙሪያውን እንደሚያይ ለአንተ አልነግርህም። አንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ተለያይተው መርጠው እራት አብረው ይበላሉ፣ ማንም አያነሳውም። ሆድ ይፍጀው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ እዚያው ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በትልቅ ከተማ ያ ወረቀት ቁጥር ብቻ ነው። እዚህ ግን ሰው ቆሞ ያነብና ለተቃዋሚ የተሰጠችውን ጥቂት ድምፅ የእነማን እንደሆነች መገመት ይጀምራል! ይሄ ያስፈራል። የሚስጥር ድምፅ በሕግ ሚስጥር ቢሆንም በትንሽ ሰፈር ሚስጥሩ ስስ ነው። ያም ሆኖ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ የልቡን የሚያደርግ አለ። አያትህ ፊደል ባትለይም ምልክቱን ታውቃለች፤ የ97ቱን የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት፣ የ2013ቱን የብልጽግና አምፖል። ምን ላይ ምልክት እንዳደረገች ግን እስከዛሬ ለእኔም ነግራኝ አታውቅም።

«ገጠሬ ምርጫ አያውቅም» የሚሉህን ደግሞ እንዳትሰማ። የመንዝ ሰው የጋራ የሣር መሬታችንን ጓሳን ሲጠብቅ የኖረው አለቃውን ራሱ እየመረጠ ነው። ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል፣ ጥሶ የገባ ይቀጣል፣ አለቃውም ለመረጡት ሰዎች መልስ ይሰጣል። ማንም ወረቀት ይዞ መጥቶ አላስተማረንም። እኔን የሚቆጨኝ እንዲህ የሚያውቅ ሕዝብ ለተወካዩ ሲሆን አንዴ መርጦ አምስት ዓመት ዓይኑን ሳያየው መቅረቱ ነው።

አሁን ስለ አንተ። «ምን ዋጋ አለው» ማለትህን አልወደድኩትም። አንተ ባትመርጥ የሚጠይቅህ ጎረቤት የለም፣ ብትመርጥም የሚገምትህ የለም፤ ይሄንን ነፃነት እዚህ የሚመኘው ስንት ሰው ነው! እዚያ 6 ወር ካለፈህ የምትመዘገበው እዚያው ነው፣ ለምርጫ ብለህ እዚህ ድረስ አትምጣ፣ መንገዱም ያሳስበኛል። ምዝገባው ሲከፈት መጨረሻው ቀን ድረስ አትጠብቅ። የተወዳዳሪዎቹን ክርክር አዳምጥ፣ ጓደኞችህ ስላሉህ ብቻ አትምረጥ።

ካርዱን ስታወጣ ንገረኝ። ማንን እንደመረጥክ ግን አልጠይቅህም፣ አንተም እኔን አትጠይቀኝ።

እናትህ