አትደብቂን፤ ደብዳቤ ለልጄ

ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ከገና ወዲህ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ታናሽ ወንድምሽም አልጋሽን ወርሶ ተዝናንቶ ይተኛል።

በስልክ ፋንታ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፣ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ አባዬ» ከማለት ሌላ ቃል ስለማይወጣሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አብራሽ ዶርም ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ለእናቷ የነገረችው እኛም ጆሮ ደረሰ። ከጥምቀት በፊት ሦስት ቀን ሙሉ እያተኮሰሽና እያንቀጠቀጠሽ ክሊኒክ ሳትሄጂ ተኝተሽ ከርመሻል። የሒሳብ ሚድ ውጤት ከተለጠፈ ወዲህም ክፍል መግባት ትተሻል፤ ካፌ የምትወርጂው ሌሎቹ በልተው ሲወጡ ነው። ልጅቷን እንዳትቀየሚያት። አንቺ ልትነግሪን የሚገባሽን ነው የነገረችን፤ እናትሽም ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ልጄ፣ አትደብቂን።

ከትኩሳቱ ልጀምር፤ እርሱ ጊዜ አይሰጥም። አንቺ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ የምታውቂው ብርድን እንጂ ወባን አይደለም። አሁን የምትማሪባት አርባ ምንጭ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሁለት ሐይቆች የከበቧት ሞቃት ከተማ ናት፤ ወባን ለምዶት የማያውቅ የደጋ ሰው ደግሞ ሲያዝ ይብስበታል። ስለዚህ ትኩሳት በተሰማሽ በዚያው ቀን ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ እንጂ «ጉንፋን ነው» ብለሽ ከፋርማሲ ማስታገሻ ገዝተሽ አትመለሺ። ኪኒን ከታዘዘልሽ፣ በማግስቱ ቢሻልሽም እንኳ እስከ መጨረሻው ውሰጂው፤ በባዶ ሆድም አትዋጪው። ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከርሞ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ የሚያገረሽ የወባ ዓይነት ስላለ፣ «አንዴ ታክሜያለሁ» ብለሽ አትዘናጊ። አጎበሩን በየማታው ዘርግተሽ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገቢ፤ ቢቀደድ በመርፌ ስፊው። አሁን ደህና ብትሆኚም ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ክሊኒክ ሄደሽ ተመርመሪና ውጤቱን ንገሪኝ።

ሒሳቡን በተመለከተ አልቆጣሽም። በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ፤ አንቺ ከእነዚያ አንዷ ነሽ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ትምህርት ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ አክስትሽ ቤት ተቀምጠሽ በአሮጌ መጽሐፍ ብቻሽን ስታጠኚ ያየሁሽ እኔ ነኝ። ያኔ ያመለጠሽ ትምህርት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጎድሎ ቢገኝ ስንፍና አይባልም። ይሁንና ክፍል መቅረትን አልቀበልም። ሚድ አለፈ፤ ፋይናሉ ግን አላለፈም፤ የምትመደቢበት የትምህርት ክፍልም የሚወሰነው በዚህ ዓመት ውጤት ነው። የውኃ ምህንድስና ለማጥናት የቋመጥሽ አንቺ ነሽ፤ ያለሽበት ግቢም በ1979 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ግቢ፤ መምህርሽን ቢሮው ድረስ ሄደሽ «የት ላይ ነው የሳትኩት?» ብለሽ ጠይቂው፤ ቲቶሪያል ካለም ስምሽን አስመዝግቢ።

ስለ አጎትሽ ስለ ጋሽዬ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አስፈቅጄው ነው የምጽፈው። የምረቃ ድግስ በተባለ ቁጥር ሰበብ ፈልጎ የሚቀረው፣ ያንቺ ውጤት የመጣ ቀንም ስሞሽ ወዲያው የወጣው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ማትሪክ አልፎ አዲስ አበባ ኮሌጅ ሲገባ ከቀያችን የመጀመሪያው እርሱ ነበር። ያን ጊዜ ገና ገጠር ነበርንና አባታችን በሬ ሸጦ ኮትና ጫማ ገዛለት። በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ አልበቃ ብሎ ተሰናበተ፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረም። እህል በረንዳ ገብቶ ጆንያ ሲሸከም ቆየ፤ በኋላ ለአንድ ነጋዴ ሒሳብ መያዝ ጀመረ፤ ለእናቴ ግን ስለ ትምህርቱ መጻፉን አላቋረጠም። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት እያመጣሁ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ የደብተር ሳይሆን ቀያይ መስመሮች ከላይ እስከ ታች የተሰመሩበት የነጋዴ መዝገብ ቅጠል ነበር፤ አንዳንዴም ስንዘረጋው ከእጥፋቱ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ይረግፍ ነበር። እናቴ ፍሬዋን በጣቷ ጫፍ እያነሳች «እሰይ፣ ልጄ እህል አልጠፋበትም» ትል ነበር።

እናቴ በ1978 ዓ.ም. ስታርፍ ልጇ መሐንዲስ እንደሆነ አምና ነው ያረፈችው። እርሱ የደረሰው ለዐርባዋ ነው፤ እውነቱንም ያን ዕለት ማታ፣ እንግዳው ሁሉ ሲበተን፣ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ነገረን። አባታችን አልተቆጣውም። «ያኔ ብትመጣ ኖሮ አብረን እናርስ ነበር» አለው እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚያ ሁሉ ዓመት ከመካከላችን አንድ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ቢያየው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጋሽዬ ራሱ ትናንት ማታ የነገረኝ ይህን ነው፦ መባረሩን ለመናገር አንድ ሳምንት ዘገየ፤ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ግን መናገሩ ከጆንያው ይልቅ ከበደው።

ስለዚህ አትደብቂን። ብትወድቂም ቤትሽ አለ፤ ብትታመሚም መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ዓመት ደግመሽ ለመማር ብትገደጂም ከጡረታዬ ከፍዬ አስተምርሻለሁ። ውሸትን ግን አልታገሥም፤ «ደህና ነኝ» የሚለውም ደህና ሳትሆኚ ከተባለ ውሸት ነው።

ዶርም ውስጥ ተከተሽ መዋልሽንም ተዪው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር ሲቀላ ሰፈር ድረስ ውጪ፤ ዓሣውንም ሙዙንም ማንጎውንም ቅመሺ፤ ከገበያ ሴቶች በጋሞኛ ሰላምታ ተማሪ። እዚያ ስትመደቢ ያልሰጋሁት፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በተነሱት ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ቁጣቸውን ሲያበርዱ በቴሌቪዥን ስላየሁ ነው። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ሆነሽ ባይተዋር ልትሆኚ አይገባም። ካፌም ሰው ባለበት ሰዓት ግቢና ከሰው ጋር ብዪ።

በሶውና ዳቦ ቆሎው በአክስትሽ በኩል ይደርስሻል። በሶው በሁለት ላስቲክ የታሰረ ስለሆነ እርጥበት እንዳይገባበት ከከፈትሽው በኋላ በክዳን ዕቃ ገልብጪው፤ ለጎረቤታችን ልጅም እኩሌታውን ስጫት። ከዳቦ ቆሎው ሥር የትራንስፖርት ብር አለ፤ ለሌላ ነገር አታውዪው፤ ቢብስብሽ ማንንም ሳታስፈቅጂ ተሳፍረሽ የምትመጪበት ነው።

እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንደውላለን። መጀመሪያ የደም ምርመራውን፣ ቀጥሎ የሚዱን ውጤት ቁጥሩን ሳትሸፋፍኚ ትነግሪኛለሽ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን ለእናትሽ እሰጣታለሁ።

አባትሽ