የሽቦ መኪናችንም ሙዚየም ይግባልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎበኘሁ፤ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው። የሕዝቡን ኑሮ ከልጅነት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። በጣም ደስ ይላል። ግን የእኛ የከተማ ልጆች መጫወቻም ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

የሽቦ መኪናን ተመልከቱ። ሽቦው ቤት ከሚሠራበት ይለቀማል፣ በድንጋይ እየተቀጠቀጠ ይቃናል፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል፣ ከዚያ ደረት የሚደርስ መሪ ይገጠምለትና ከአራት ኪሎ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለቱን ይነዳል። መሪው ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው የምር ይታጠፋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ገና ሱሪው ከወገቡ የሚወርድበት ልጅ ነው እኮ!

ቢክ እስክሪብቶም አለ። ባለ ስድስት ጠርዝ ስለሆነ የካሴት ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ይላል። የቴፑ ባትሪ እንዳያልቅ ካሴቱን በእሱ እያሽከረከርን እንመልስ ነበር። ቢክ የወጣው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፊሊፕስ ካሴትን ያስተዋወቀው ደግሞ በ1963። ሳይተዋወቁ እንዲህ መግጠማቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ፒያሳ ፈርሶ ሰዉ ሲነሣ ስንቱ ዕቃ ሜዳ ላይ ቀረ! ብይ፣ ቆርኪ፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር ቤታችሁ ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ሙዚየሙም "አምጡ" ብሎ ይጥራን። እኔ የራሴን ይዤ ቀድሜ እደርሳለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ