ባለ ጥምዝ ቾክ ወይስ ሙሉ በርሜል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ስላግ ስተኩስ ኢላማውን ይስትብኛል፤ ባለ ጥምዝ ቾክ ልግዛ ወይስ በርሜሉን ልቀይር?» የሚለው ጥያቄ በዝቶብናል። ለየብቻ ከምንመልስ አንዴ እንጻፈው ብለናል። ለአዲሶች፦ ስላግ ብዙ ትናንሽ ፍሬ በሚተኩሰው ጠመንጃ (ሾትገን) የሚተኮስ አንድ ትልቅ ጥይት ነው፤ ቾክ በበርሜሉ አፍ ላይ የሚገጠም አጭር ቱቦ፣ ጥምዝ ደግሞ ጥይቱን እንዲያሽከረክር ውስጡ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ነው።

መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ የጥይቱን ዓይነት ነው። ፎስተር የሚባለው ስላግ ጎኑ ላይ ጥምዝ መስመሮች ስላሉት ብዙ ሰው እየተሽከረከረ የሚሄድ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሽክርክሪቱ ይህ ነው የሚባል አይደለም። መስመሮቹ እርሳሱ በቾክ ሲያልፍ በቀላሉ እንዲጨመቅ ይረዳሉ። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ኋላው ባዶ ሆኖ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ነው። ቦታው ጥምዝ የሌለው በርሜል ነው። ጥምዝ ባለው ስትተኩሱት ቦዩ በእርሳስ ይደፈናል፤ ማጽዳቱም አበሳ ነው።

ሳቦት የሚባለው ስላግ ተቃራኒው ነው። ከበርሜሉ የቀጠነው ጥይት ፕላስቲክ ለብሷል። ፕላስቲኩ ጥምዙን ይዞ ጥይቱን ያሽከረክረዋል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣም ይላቀቃል። ጥምዝ ከሌለ ግን የሚያሽከረክረው የለም። ውድ ጥይት በከንቱ!

ባለ ጥምዝ ቾክ መሃል ላይ ያለ መፍትሔ ነው። ጥምዙ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ጥይቱ በሙሉ ፍጥነቱ ድንገት ይገባበታል። አንዱ ጠመንጃ ላይ ግሩም ይሠራል፣ ሌላው ላይ ለውጡ አይታይም። ደግነቱ ፈትታችሁት ወደ ፍሬ ተኩስ መመለስ ትችላላችሁ። ሙሉው ባለ ጥምዝ በርሜል ሳቦትን ከ100 ሜትር በላይ በደንብ ያደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 35 ኢንች ባለው ርቀት አንድ ዙር ያዞረዋል። ፍሬ ከተኮሳችሁበት ግን ፍሬው ተበትኖ መሃሉ ባዶ ቀለበት ይሠራል። በአንዳንድ አገር ደግሞ ሕጉ እንዲህ ያለውን በርሜል እንደ ራይፍል (በርሜሉ ጥምዝ ያለው ጠመንጃ) ስለሚቆጥረው ከማዘዛችሁ በፊት አጣሩ።

የምትተኩሱት እስከ 50 ሜትር ከሆነ፣ ለገበያችን ባይበጅም፣ ሁለቱንም አትግዙ። ሰፊ ቾክ አድርጉ፤ በጣም ጠባቡ፣ ፉል ቾክ የሚባለው፣ ለስላግ አይሆንም። የኋላ ማነጣጠሪያም አስገጥሙ። ጫፉ ላይ ባለችው ጉብ ብቻ ስታነጣጥሩ ጉንጫችሁ ትንሽ ቀና ካለ ጥይቱ ከፍ ብሎ ያልፋል። «በርሜሉ ነው» የሚባለው ጥፋት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ከዚያ ሁለት ሦስት ዓይነት ጥይት ይዛችሁ ጠመንጃውን አስደግፋችሁ ወረቀት ላይ ሞክሩ። በየመሃሉ በርሜሉ ይቀዝቅዝ። ጥይቱን አውጥታችሁ ቾኩ አለመላላቱንም እዩ።

ቾክ ስታዙን የጠመንጃውን ሞዴል አብራችሁ ጻፉልን፤ የቾኩ መጠምዘዣ ጥርስ ከአምራች አምራች ይለያያል።

ከአክብሮት ጋር